በበርሜሉ ውሃ የባሕር ዛፍ ዘይት ልጨምር?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜል ሞልተን እናስቀምጣለን። ሰሞኑን ውስጡ የሚፈራገጡ ትሎች አየሁ። ልጆቼ ከዚያው ጠጥተዋል። ትንሹ ሲያተኩሰው ቤት የተረፈ የወባ መድኃኒት፣ ኮአርተም፣ ሰጠሁት፤ ትንሽ ተሻለው። ጎረቤቴ የባሕር ዛፍ ዘይት ጠብ አድርጊበት፣ ይሞታሉ ትላለች። ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ልብዎን ላሳርፈው። ወባ በመጠጥ ውሃ አይተላለፍም። ትሎቹ የትንኝ እጭ ናቸው፤ ቢዋጡም ወባ አያስይዙም። ልጅዎ ወባ ይዞት ከሆነ፣ ያስያዘችው የነከሰችው ትንኝ ናት። «በእጄ አሳመምኩት» የሚለውን ይተዉት።

ዘይቱ በቤተ ሙከራ እጭ ይገድላል። ግን ቶሎ ይተናል፣ ትንኟም ተመልሳ እንቁላል ትጥላለች። ልጆች የሚጠጡት ውሃ ውስጥ ደግሞ በፍጹም!

እኔን የሚያስፈራኝ ጠርሙሱ ነው። ቅጠሉን አፍልቶ መታጠን ለምደናል፤ ተጣርቶ የወጣው ዘይት ግን ሌላ ነገር ነው። ትንሽ ልጅ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢውጥ በደቂቃዎች ውስጥ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። አንዳንዱ ዝም ብሎ ያንቀላፋል። እናት «ደክሞት ነው» ብላ ታስተኛዋለች። አፉ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ እየሸተተ የሚያንቀላፋ ልጅ አይተኛ! ወተት አይስጡት። ጣት ከተው አያስመልሱት፤ ዘይቱ ሳንባው ይገባል። ጠርሙሱን ይያዙና በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል። ለጉንፋን ብሎ አፍንጫው ውስጥ ጠብ ማድረግም ያው አደጋ ነው።

ኮአርተሙ ላይ ግን ተናድጃለሁ። «የተረፈ» ማለት ያኔም ሳይጨረስ የቀረ ማለት ነው። መድኃኒቱ በክብደት ተለክቶ በ3 ቀን 6 ጊዜ ይወሰዳል። ደግሞስ ሳይመረመር ወባ መሆኑን ማን ነገረዎት? እናንተ ጋ ደንጊ የሚባል፣ በትንኝ የሚተላለፍ ሌላ የትኩሳት በሽታም አለ፤ ኮአርተም ደንጊን አይነካውም። «ትንሽ ተሻለው» አያሳምነኝም፤ በደንጊ የሚከፋው ትኩሳቱ ሲበርድ ነው። ዛሬውኑ ይውሰዱት፣ ኮአርተም መውሰዱንም አይደብቁ። እስከዚያ ፓራሲታሞል ብቻ፤ አስፕሪንም ዲክሎፌናክም አይሆንም።

በርሜል የምትወደው የወባ ትንኝ፣ አኖፌለስ ስቴፈንሲ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ የተነሳው ወባም ከእሷ ጋር የተያያዘ ነበር። ስለዚህ በርሜሉን በየሳምንቱ ባዶ አድርገው ግድግዳውን በብሩሽ ይፈትጉ። የደንጊዋ ትንኝ እንቁላሏን እዚያ ትለጥፋለች፤ ደርቆም ለወራት ይቆያል። ከዚያ ክፍተት የሌለው ክዳን። ውሃ መድፋት እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ፤ በጨርቅ አጥልለው ልብስ ይጠቡበት።