መንግሥት የነገን ከየት ያውቃል?

ጥያቄ፦ ሰላም ዝግጅት ክፍል። አባቴ ማና ወረዳ ቡና አለው። «አየሩ ሞቋል፣ ቡና አበቃለት» ብሎ ያረጀውን ነቅሎ ጫት ሊተክልበት ነው። በዜና ደግሞ ባለሥልጣናቱ ከ30 ዓመት በኋላ ስለሚሆነው ያወራሉ። እውነት የሚያውቁት ነገር አለ? (ስሜ ይቆይልኝ፣ ከጅማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ የነገን የሚያውቅ መንግሥት የለም። የሚሠራው መንግሥት መምጣቱ የማይቀረውን ከአሁኑ ይቆጥራል፣ እርግጠኛ ላልሆነበት ደግሞ «እንዲህ ቢሆንስ? እንዲያ ቢሆንስ?» እያለ ሁለት ሦስት መንገድ ያዘጋጃል። ዘንድሮ የተወለደ ሕፃን ከሰባት ዓመት በኋላ አንደኛ ክፍል ይገባል፣ ይሄ ትንቢት አይፈልግም። እኛ ጋ ግን የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በግምት ነው የምንሄደው፣ ይሄ በጣም ያሳስበኛል።

ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ፓርላማዋ ውስጥ የመጪው ጊዜ ኮሚቴ አላት። መንግሥት በየምርጫ ዘመኑ ስለ ረጅሙ ጊዜ ሪፖርት ያቀርባል፣ ኮሚቴው ያፋጥጠዋል። ሹሙ ሲቀየር ጥያቄው አብሮ አይሰናበትም። ትልቁ ነገር እሱ ነው።

ወደ ቡናው ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት፣ ምንም ካልተደረገ በዚህ ምዕተ ዓመት መጨረሻ አሁን ቡና ከሚበቅልበት የአገራችን መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና ላይመች ይችላል ይላል። አባትህ በከንቱ አልፈሩም። ግን ያው ጥናት ከፍ ያሉ ቦታዎች ለቡና እየተመቹ እንደሚሄዱም ያሳያል፣ ስለዚህ ወሳኙ ማሳው ስንት ሜትር ላይ ነው የሚለው ነው።

ያልታሰበውስ ሲመጣ? እ.ኤ.አ. በ1971 ፍሬውን በአረንጓዴው የሚያጠቁር የቡና በሽታ አገር ገባ። ጅማ አጠገብ ያለው የመልኮ የግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች በሽታው ያልነካቸውን ዛፎች እየለቀሙ ነው ዛሬ ገበሬው በቁጥር የሚጠራቸውን የቡና ዝርያዎች፣ 74110ን እና 74112ን፣ ያወጡት፣ ሁለቱም ከኢሉባቦር ናቸው። ያ ሁሉ ዓይነት ቡና ያለበት ጫካ ቀድሞ ተጨፍጭፎ ቢሆን ኖሮ ከየት ይመረጥ ነበር? ጫካ መጠበቅም የነገ ዕቅድ ነው፣ ይሄን ዕቅድ አውጪዎቻችን በደንብ ቢይዙት ደስ ይለኛል።

አባትህን ሁሉንም በአንዴ እንዳይነቅሉ ንገራቸው። ያረጀ ቡና ተጎንድሎ ይታደሳል። የጥላ ዛፉንም አይንኩ። የወረዳው ግብርና ባለሙያ የማሳውን ከፍታ አይቶ የሚስማማውን ዝርያ ይንገራቸው፤ አዲስ ችግኝ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋልና ከክረምቱ በፊት ቢሄዱ ጥሩ ነው።