የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ድልድይ በውጭ ብድር ሲሠራ

ስለ ትላልቅ የወንዝ ድልድዮችና ስለ ብድራቸው የደረሱንን ጥያቄዎች ለብድርና ለግንባታ ውል ባለሙያዎች አቅርበን መልሳቸውን እነሆ አትመናል። ዓመቶቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አዲሱ የባሕር ዳር የአባይ ድልድይ በቻይና ብድር ነው የተሠራው የሚሉ አሉ። ጃፓን ናት ያሠራችው የሚሉም አሉ። የትኛውን እንመን? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሁለቱንም አይመኑ። በ2024 የተመረቀው ይህ 380 ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይ ወጪው የተሸፈነው በኢትዮጵያ መንግሥት ነው። የቻይና ስም የሚነሣው ተቋራጩ የቻይና ኩባንያ ስለነበር ነው። የጃፓኑ ወሬ ደግሞ ከአባይ በረሃው ድልድይ የመጣ ይመስላል። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው፣ በ2008 የተከፈተው 303 ሜትር ድልድይ በእርግጥ በጃፓን ገንዘብ ተሠርቷል፤ ግን በእርዳታ እንጂ በብድር አይደለም። ተቋራጩ ከየት አገር መጣ የሚለውና ገንዘቡ ከየት መጣ የሚለው የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ወደፊት ሲጠራጠሩ የፕሮጀክቱን ሰሌዳ ይመልከቱ። «የገንዘብ ምንጭ» የሚለው መስመር ከ«ተቋራጭ» ተለይቶ ይጻፋል።

ጥያቄ፦ የጃፓን ብድር ወለዱ 0.01 በመቶ ነው ሲባል ሰማሁ። ይህ ስጦታ እንጂ ብድር ይባላል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወደ ስጦታ የተጠጋ ነው፤ ግን ብድር ነው። ምሳሌው ከእኛው ወንዝ አይርቅም፦ ዩጋንዳ ጂንጃ ላይ ነጭ ናይልን የሚሻገረው ድልድይ። በኬብል የተንጠለጠለ፣ 525 ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይ ሲሆን በጥቅምት 2018 ተመርቋል። ዩጋንዳ በ2010 መጨረሻ ከጃፓኑ የልማት ትብብር ድርጅት ከጃይካ ጋር የፈረመችው ብድር 9.198 ቢሊዮን የን ነበር፤ ወለዱ 0.01 በመቶ፣ የመክፈያ ጊዜው 40 ዓመት፣ ከዚህም የመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት ዋናው ዕዳ የማይከፈልባቸው የእፎይታ ዓመታት ናቸው።

እኛ ግን ከወለዱ ይልቅ «የን» የሚለውን ቃል እናያለን። ብድሩ ሲፈረም አንድ ዶላር 84 የን ገደማ ስለነበር ገንዘቡ 110 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ድልድዩ ሲመረቅ ዶላሩ 112 የን ገደማ ደርሶ ነበርና ያው የን 82 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። ወለዱ ሳይነካ፣ በዶላር የሚገዛ ዕቃ ላይ የብድሩ አቅም በሩብ ወርዷል ማለት ነው። ይህን ክፍተት የሚሞላው ተበዳሪው መንግሥት ነው። የኋላ ኋላ ግን የየኑ መውደቅ ተበዳሪውን ይጠቅመዋል፤ ዕዳውም በዶላር ሲሰላ አብሮ ይወርዳልና።

ተቃራኒውን እኛ አይተነዋል። ሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የ10 ሚሊዮን ዶላር የብድር ክፍያ ያለበት መሥሪያ ቤት 570 ሚሊዮን ብር ያዘጋጅ የነበረው በአንድ ጊዜ ከአንድ ቢሊዮን ብር በላይ መፈለግ ግድ ሆነበት። በወለድ ላይ ግማሽ ፐርሰንት ለማስቀነስ ወራት የሚወስዱ ተደራዳሪዎች ብድሩ በየትኛው አገር ገንዘብ ይሁን የሚለውን በአንድ ስብሰባ ሲያልፉት ማየት ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ ብድሩ ሲፈረም ገንዘቡ ወደ መንግሥት ካዝና አይገባም እንዴ? ታዲያ ተቋራጩ ለምን «ክፍያ ዘገየብኝ» ብሎ ሥራ ያቆማል? (የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ፣ ከአርባ ምንጭ)

መልስ፦ አይገባም። ከፊርማው በኋላ ብድሩን ፓርላማ ያጸድቀዋል፤ የሕግ አስተያየት ይላካል፤ አበዳሪው ያስቀመጣቸው ቅድመ ሁኔታዎች ይሟላሉ፤ ከዚያ ነው ብድሩ «ሥራ ላይ ዋለ» የሚባለው። በዚህ ብቻ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ገንዘቡም ቢሆን በአበዳሪው ዘንድ ተቀምጦ የሚወጣው ሥራው በተሠራ መጠን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ለተቋራጩ ይላካል።

አንድ ወር ብቻ ወስደን እናስላ። ተቋራጩ በወሩ የ5 ሚሊዮን ዶላር ሥራ ሠርቷል። የ1 ሚሊዮን ዶላር ኬብል ደግሞ ሳይት ደርሷል፤ ገና ስላልተገጠመ የሚታሰበው 80 በመቶው፣ ማለትም 800 ሺህ ነው። ድምሩ 5.8 ሚሊዮን። ከዚህ ላይ ለሥራው ዋስትና ተይዞ የሚቆይ 5 በመቶ መያዣ (290 ሺህ) ይቀነሳል። መጀመሪያ የወሰደው ቅድመ ክፍያ ደግሞ በየወሩ 20 በመቶ እየተቆረጠ የሚመለስ ከሆነ 1.16 ሚሊዮን ይወርዳል። የሚቀረው 4.35 ሚሊዮን ነው። ብድሩ 85 በመቶ የሚሸፍን ከሆነ አበዳሪው 3,697,500 ዶላር ይልካል፤ 652,500ው ከመንግሥት በጀት መውጣት አለበት። አበዳሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ታክስና የካሳ ክፍያ ስለማይሸፍኑ ተጨማሪ እሴት ታክሱም በመንግሥት ትከሻ ላይ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህች 15 በመቶ ላይ ነው። የአበዳሪው ድርሻ በጊዜው ይደርሳል፤ የመንግሥቱ ድርሻ ግን በዓመቱ በጀት አልተያዘም፣ ወይም ተይዞ ለሌላ ውሏል። በስፋት በሚሠራበት የ1999ኙ የፊዲክ (የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) መደበኛ የግንባታ ውል መሠረት አማካሪ መሐንዲሱ የክፍያ ጥያቄው በደረሰው በ28 ቀን ውስጥ ሰርተፊኬት ያወጣል፤ አሠሪው ደግሞ ጥያቄው ለመሐንዲሱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ56 ቀን ውስጥ መክፈል አለበት። ካልከፈለ በየወሩ የሚደራረብ የመዘግየት ክፍያ ይታሰብበታል፤ ተቋራጩም የ21 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን ማቆም ወይም ማቀዝቀዝ ይችላል። ስለዚህ «ተቋራጩ ጠፋ» ሲባል አስቀድመው የሰርተፊኬቶቹን ቀን ይጠይቁ።

ድልድይ ከመንገድ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። መንገድ ላይ ሁለት ወር ከጠፋ ሁለት ወር ነው የጠፋው። ወንዝ ውስጥ የሚሠራ መሠረት ግን የበጋ ሥራ ነው። ቅድመ ክፍያው በመስከረም መድረስ ሲገባው ኅዳር ከደረሰ፣ መቆፈሪያው ማሽንና ተንሳፋፊው መድረክ ተጓጉዘው ተገጣጥመው ዝግጁ ሲሆኑ ወንዙ ሊሞላ ተቃርቧል። ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ እስከሚቀጥለው ጥቅምት መጠበቅ ነው፤ የሠራተኛና የማሽን ኪራይ ግን ይቆጠራል። የተቋራጮች የካሳ ጥያቄ የሚወፍረውም በእነዚህ ሥራ በተፈታባቸው ወራት ነው። የወሰን ማስከበር ችግር ሲታከልበት ደግሞ፣ ለምሳሌ መዳረሻ መንገዱ ላይ ካሳ ያልተከፈላቸው ቤቶች ካሉ፣ ምሰሶው ቆሞ መግቢያ ያጣ ድልድይ ይፈጠራል።

ጥያቄ፦ «20 ዓመት፣ ከ5 ዓመት እፎይታ ጋር» የሚለው የቻይና ብድር ለድልድይ በቂ ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ድልድዩ በጊዜው ካለቀ ይበቃል። እፎይታው የሚቆጠረው አብዛኛውን ጊዜ ከፊርማው እንጂ ሥራው ከተጀመረበት ቀን አይደለም። 200 ሚሊዮን ዶላር ተበድረን በቀሩት 15 ዓመታት በየስድስት ወሩ በእኩል ብንከፍል 30 ክፍያ ይሆናል፤ እያንዳንዱ 6.67 ሚሊዮን ገደማ፣ ወለዱ ሳይጨመር። ሥራው ሰባት ዓመት ከፈጀ አንድም መኪና ሳያልፍበት 27 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከፍለናል። በዚያ ላይ ያልተወሰደው የብድር ገንዘብ ላይ የሚታሰብ ክፍያ አለ። በዓመት 0.25 በመቶ ቢሆን፣ 120 ሚሊዮን ዶላር ሳይነካ አንድ ዓመት ከተቀመጠ 300 ሺህ ዶላር ለምንም ወጣ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ አበዳሪው መሃል ላይ «ተውኩት» ቢልስ? ባንግላዴሽ ትልቁን ድልድይዋን በራሷ ገንዘብ ሠራች ይባላል፤ እኛስ እንዲያ ማድረግ አንችልም? (ከጎንደር)

መልስ፦ የፓድማን ድልድይ ማለትዎ ነው፤ 6.15 ኪሎ ሜትር፣ ከላይ መኪና ከታች ባቡር የሚያሳልፍ። በ2011 የዓለም ባንክ 1.2 ቢሊዮን፣ የእስያ ልማት ባንክ 615 ሚሊዮን፣ የእስልምና ልማት ባንክ 140 ሚሊዮን፣ ጃይካ ደግሞ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊያበድሩ ተስማምተው ነበር። ሰኔ 29 ቀን 2012 የዓለም ባንክ በአማካሪ ቅጥሩ ዙሪያ የሙስና ሤራ ማስረጃ አግኝቻለሁ ብሎ ብድሩን ሰረዘ። አብሮ ማበደር ማለት ይኸው ነው፤ መሪው ሲወጣ ሌሎቹም ይወጣሉ። በ2017 የካናዳ ፍርድ ቤት በጉዳዩ የተከሰሱትን ነፃ አሰናበተ፤ ያኔ ግን ብድሩ ከቀረ ዓመታት አልፈዋል።

መንግሥቱ በራሱ በጀት ቀጠለና ድልድዩ ሰኔ 25 ቀን 2022 ተመረቀ። ይህ ሊደነቅ ይገባል። ነገር ግን «በራሷ ገንዘብ» የሚለው ሦስት ነገር ይሸፍናል። አንደኛ፣ የአገሪቱ ገንዘብ ታካ ቢኖርም ለውጭ ተቋራጭ ዶላር ያስፈልጋል፤ ዶላሩን ያቀረበው አግራኒ የተባለው የመንግሥት ባንክ ነው። ሁለተኛ፣ የድልድይ ባለሥልጣኑ ገንዘቡን በነፃ አላገኘም፤ ለገንዘብ ሚኒስቴሩ በ1 በመቶ ወለድ በ35 ዓመት፣ በ140 የሩብ ዓመት ክፍያ እንዲመልስ ውል ገብቷል፤ ከተሻጋሪ መኪኖች ቀረጥ የሚሰበስበው ወደዚያ ነው የሚሄደው። ሦስተኛ፣ ድልድዩን ከባቡር ጋር የሚያገናኘው መስመር የተሠራው ከቻይናው ኤግዚም ባንክ በተገኘ 2.67 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ብድር ነው።

ወጪውም በ2007 ከታሰበው 101.6 ቢሊዮን ታካ ተነሥቶ 301.9 ቢሊዮን ደረሰ። ባቡሩ ዘግይቶ ወደ ንድፉ መግባቱ አንዱ ምክንያት ነው፤ የታካው መውደቅና የመሬት ካሳም አሉበት። ወንዙም የራሱን ጨመረ። 3 ሜትር ስፋት ያላቸው የብረት ፓይሎች (ወደ መሬት የሚመቱ የመሠረት ምሰሶዎች) እስከ 120 ሜትር ጥልቀት ድረስ እየተመቱ ሳለ በአንዳንድ ምሰሶዎች ሥር ያልተጠበቀ ሸክላ አፈር ስለተገኘ ንድፉ እንደገና ተሠርቷል። በብድር የሚሠራ ድልድይ እንዲህ ሲገጥመው የውሉ ለውጥ የአበዳሪውን «ተቃውሞ የለኝም» ደብዳቤ ይጠብቃል። በራስ ገንዘብ የሚሠራው ይህን ጥበቃ ይተርፋል፤ የጨመረውን ወጪ ግን የሚጋራው የለም። ለእኛ ሲሆን፣ የባሕር ዳሩን የሚያህል ድልድይ በበጀት መሥራት እንደሚቻል ታይቷል። የቢሊዮን ዶላር ድልድይ ግን የውጭ ምንዛሪ ጥያቄ ስለሆነ በብር ብዛት አይመለስም።

ጥያቄ፦ ለህዳሴ ግድብ ቦንድ እንደገዛነው ለድልድይም ለምን አይሸጥልንም? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ሊሸጥ ይችላል፤ ሁለት ነገር ግን ይለያቸዋል። ግድብ መብራት ይሸጣል፣ ከጎረቤት አገርም ዶላር ያስገባል። ድልድይ የሚቆጥበው የተሻጋሪውን ጊዜና ነዳጅ ነው፤ ይህ ለአገር ትርፍ ቢሆንም ለቦንድ መክፈያ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ አይደለም። ቀረጥ ቢጣልበትም የሚሰበሰበው ብር ነው፤ የእርስዎ ቦንድ የሚመለሰው ደግሞ በዶላር፣ ያውም በአምስት ወይም በአሥር ዓመት።

ሁለተኛው እርስዎን በቀጥታ የሚመለከት ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል የግድቡን ቦንድ አሜሪካ ውስጥ ሳያስመዘግብ በመሸጡ የአሜሪካ የሰነዶች ገበያ ተቆጣጣሪ (ኤስኢሲ) ጠይቆት በ2016 ወደ 6.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል፤ ገንዘቡም ለገዢዎቹ እንዲመለስ የታሰበ ነበር። ስለዚህ የድልድይ ቦንድ ነው ብሎ የሚመጣ ሰው ካለ ከመክፈልዎ በፊት የምዝገባ ቁጥሩን፣ ወይም ከምዝገባ ነፃ የሆነበትን የሕግ አንቀጽ ይጠይቁት። ቁጥሩን ኤድጋር በተባለው የተቆጣጣሪው የሕዝብ መዝገብ ላይ ማንም ሰው በነፃ መፈለግ ይችላል።