ሪሌው ሲበራ ቺፑ ለምን እንደ አዲስ ይጀምራል?

ጥያቄ፦ የጉድጓድ ውሃ ፓምፕ የሚያበራ ሰርኪዩት በአርዱይኖ ኡኖ (ተዘጋጅቶ በሚሸጥ ፕሮግራም የሚጫንበት ቦርድ) ሠርቼ ደህና ይሠራ ነበር። አሁን ኪካድ በሚባለው የቦርድ መንደፊያ ሶፍትዌር የራሴን ቦርድ ነድፌ የኡኖ አንጎል የሆነውን አትሜጋ 328ፒ ቺፕ ብቻውን አስገባሁበት። ሪሌው (በትንሽ ኃይል ትልቁን የሚያበራው ማብሪያ) ፓምፑን ባስነሳ ቁጥር ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ስዕሉን ደጋግሜ ባየው ስህተት አጣሁበት። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ስዕሉ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ዕቃዎቹ ቦርዱ ላይ የት እንደተቀመጡ ግን አያሳይም። በቅድሚያ ፓምፑን ነቅለው ሪሌውን ብቻውን ያብሩ ያጥፉ። አሁንም እንደ አዲስ ከጀመረ ችግሩ 5 ቮልቱና ግራውንዱ (የጋራ መመለሻ መስመሩ) ላይ ነው። ከተወ ደግሞ የሚረብሸው የሪሌው ኮንታክት (የፓምፑን ኃይል የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ክፍል) ላይ የሚነሳው ብልጭታ ነው።

ቺፑ ኃይል የሚወስደው በፒን 7 እና በፒን 20 ነው። ለእያንዳንዳቸው ባለ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ከፒኑ ጥቂት ሚሊሜትር ርቀት ላይ ይቀመጥ። ጀማሪ ካፓሲተሮቹን ሁሉ ኃይል መግቢያው ጋ ይደረድራቸዋል፤ እንዲያ ከሆነ ቢኖሩም ባይኖሩም ያው ነው ማለት ይቻላል። የተለመደው ባለ 5 ቮልት ሪሌ ኮይል (ኮንታክቱን የሚስበው ጥቅል ሽቦ) 70 ሚሊአምፔር ገደማ ይስባል። ስለዚህ የሪሌው ግራውንድ በቺፑ መስመር ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ኃይል መግቢያው ይሂድ። ኮይሉ ላይ 1ኤን4007 ዳዮድ ይግባ፣ ቀለበት ያለበት ጫፉ ወደ 5 ቮልት።

ብልጭታው ከሆነ ተጠርጣሪው ፒን 1፣ ቺፑን እንደ አዲስ የሚያስጀምረው ሪሴት ነው። ኡኖ ላይ ይህን ፒን ከ5 ቮልት ጋር የሚያያይዝ 10 ኪሎኦም ሬዚስተር አለ። ቺፑ ውስጥ ያለው ግን ከ30 እስከ 60 ኪሎኦም ስለሆነ ደካማ ነው። 10 ኪሎኦም ይጨምሩ፣ መስመሩንም ከሪሌው ያርቁ። በኮንታክቱ ላይ 100 ኦም ሬዚስተርና ባለ 100 ናኖፋራድ ኤክስ2 (ለ220 ቮልት መስመር የተሠራ) ካፓሲተር በተከታታይ ቢያስሩ ብልጭታው ይቀንሳል። ያኔ ሪሌው ጠፍቶም ጥቂት ሚሊአምፔር ያልፋልና የፓምፑን ሽቦ ከመንካትዎ በፊት ዋናውን ያጥፉ።

ያልጠየቁን ግን የሚያሳስበን አለ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ሲሆን ኤሌክትሪክ በቀላሉ ይዘልለዋል። በመስመሮች መካከል የሚተወውን ክፍተት የሚወስነው የዓለም አቀፉ ደረጃ የአይኢሲ 60664-1 ሠንጠረዥ የሚያገለግለው እስከ 2,000 ሜትር ነው፤ ለ3,000 ሜትር በ1.14 ይባዛል። በ220 ቮልቱና በ5 ቮልቱ መስመሮች መካከል 8 ሚሊሜትር ይተዉ።

ጥያቄ፦ 12 ቮልቱን ወደ 5 የሚያወርደው 7805 እየጋለ ይጠፋል፤ ቦርዱ የሚወስደው 200 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ 7 ቮልት በ0.2 አምፔር ሲባዛ 1.4 ዋት ሙቀት ነው። ያለ ማቀዝቀዣ ብረት በአንድ ዋት ወደ 65 ዲግሪ ይጨምራል፤ 91 ዲግሪ መሆኑ ነው። በእናንተ አገር 35 ዲግሪ ሙቀት ላይ ሲደመር ከ125 ዲግሪ የሥራ ጣሪያው ያልፋል፤ ከዚያም በላይ ሲግል ራሱን ያጠፋል። ብዙ ሳይግል ቮልቴጅ በሚያወርደው በኤልኤም2596 ባክ ኮንቨርተር ይተኩት።