ጋዝ ያለው የፍራፍሬ መጠጥ ለልደት፦ ጁሱን ትተሽ ሽሮፕ አዘጋጂ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አነበብኩት። የልጅሽ ልደት ደርሷል፤ ለስላሳ ከምገዛ ራሴ የፍራፍሬ መጠጥ ልሥራ ብለሻል። ማንጎ በብሌንደር ፈጭተሽ አምቦ ውሃ ስትጨምሪበት አረፋው ከጆጉ ገንፍሎ ወጣ። እንግዳው እስኪጠጣው ደግሞ ጋዙ አለቀ። ቤኪንግ ሶዳ ይሠራል ወይ፣ እርሾስ ብጨምርበት ብለሽም ጠይቀሻል። እኔ ሐዋሳ ጁስ ቤት ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። አሁንም ቤተሰብ ሲደግስ መጠጡ የሚሰጠው ለእኔ ነው። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዢ። ጋዝ ካለው ውሃ ጋር የሚስማማው የተፈጨ ጁስ ሳይሆን የጠራ ሽሮፕ ነው። ማንጎው ላይ የደረሰብሽ የእጅሽ ጥፋት አይደለም። ጋዙ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ነው የተቀመጠው። የሚይዘው ነገር ሲያገኝ እዚያ ላይ ተሰብስቦ አረፋ ይሆንና ይወጣል። የማንጎ ቃጫና ደቃቅ ሥጋ ለዚህ በጣም ይመቻል። በብዙ ሺህ የሚቆጠር ደቃቅ ነገር በአንድ ጊዜ ጋዙን ያስወጣዋል። የፍሬው ወፍራምነት ደግሞ አረፋው ቶሎ እንዳይፈርስ ይይዘዋል። ለዚህ ነው የገነፈለብሽ። ለዚህም ነው ከደቂቃዎች በኋላ ጣፋጭ ውሃ ብቻ የቀረሽ።

ስለዚህ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ አቮካዶና ሙዝ ለስፕሪስ ይቆዩልን። ለጋዝ የሚሆኑት እንጆሪ፣ ሎሚ፣ አናናስ፣ ፓሽን፣ መንደሪን፣ ክረምት ላይ ደግሞ ኮክ ናቸው። ጭማቂያቸው ቀጭን ነው፣ ኮምጠጥ ይላሉ፣ ሽታቸውም ብርቱ ስለሆነ በውሃ ሲቀጥኑ አይጠፉም።

ለልደቱ እንጆሪውን እመክርሻለሁ። ልጆች ቀለሙን ይወዱታል፣ አሠራሩም እሳት አይፈልግም። እንጆሪውን እጠቢና አረንጓዴውን ጫፍ አውጪለት። ለሁለት ለሁለት ቁረጪው። ለ1 ኪሎ እንጆሪ ግማሽ ኪሎ ስኳር በላዩ በትነሽ፣ በደንብ ገልበጥ ገልበጥ አድርገሽ፣ ከድነሽ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው። ስኳሩ ጭማቂውን ከፍሬው ውስጥ ይስበዋል። ጠዋት ስትከፍቺው እንጆሪው ተኮማትሮ በቀይ ፈሳሽ ውስጥ ተንሳፍፎ ታገኚዋለሽ። ያንን ፈሳሽ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ወይም በደቃቅ ማጥለያ አጥልዪው። እዚህ ላይ አደራ፣ አትጭመቂው። ራሱ ይንጠብጠብ። ከጨመቅሽው ሥጋው አብሮ ይወርድና ያ የማንጎው አረፋ ተመልሶ ይመጣል። እንጆሪ ሲቀቀል ማርመላታ ማርመላታ ነው የሚሸተው፤ በዚህ መንገድ ግን ትኩስ ፍሬ እንደሆነ ይቀራል።

ሎሚ ከሆነ የምትሠሪው ጣዕሙ ያለው ልጣጩ ላይ ነው። ብዙ ሰው ጨምቆ ልጣጩን ይጥለዋል፤ እኔን በጣም ያሳዝነኛል። ከአምስት ስድስት ሎሚ ላይ የላዩን አረንጓዴ ወይም ቢጫ ክፍል ብቻ በስሱ ላጪ። ነጩ ይመራል፣ አትንኪው። ልጣጩን ከአንድ ኩባያ ስኳር ጋር በእጅሽ እሺው፤ ወይም በሙቀጫ ቀስ ብለሽ ውቀጪው። ለሁለት ሰዓት ያህል ከድነሽ ተዪው። ስኳሩ ይረጥባል፣ ቤቱ በሎሚ ሽታ ይሞላል። ከዚያ የሎሚውን ጭማቂ ጨምረሽ ስኳሩ እስኪሟሟ አማስዪና አጥልዪ። ጭማቂው ብቻ የሚሰጥሽ ኮምጣጣነቱን ነው፤ ሽታው የሚመጣው ከልጣጩ ዘይት ነው።

ለአናናስ ሥጋውን ለልጆቹ ቆርጠሽ አቅርቢ፤ ለመጠጡ ልጣጩ ይበቃል። በደንብ የታጠበ ልጣጭ፣ የመሐሉ ጠንካራ ክፍል፣ ሁለት ሦስት ፍሬ የተፈለፈለ ኮረሪማ፣ ልጣጩን የሚሸፍን ውሃ። ለ20 ደቂቃ ቀስ ብሎ ይቀቀል። አጥልለሽ በፈሳሹ ግማሽ ልክ ስኳር ጨምሪበት። ኮረሪማና አናናስ እንዲህ ይስማማሉ ብሎ የሚገምት የለም፤ ሞክሪው። ፓሽን ከሆነ ውስጡን በማንኪያ አውጥተሽ ከስኳር ጋር አማስዪና አጥልዪ። ብሌንደር ውስጥ ግን አትክተቺው፤ በውስጡ ያለው ጥቁር ፍሬ ከተሰበረ ይመራል።

አሁን ወደ አምቦው ልምጣ። ይሄ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ነው። አምቦ ጋዝ የተሞላ ተራ ውሃ አይደለም። ማዕድን አለው፣ በተለይ ባይካርቦኔት የሚባለው በብዛት አለው። ባይካርቦኔት ደግሞ ኮምጣጣ ነገርን ያለዝባል። ሎሚ ስትጨምቂበት ድንገት ተነሥቶ የሚፈላው ለዚህ ነው፤ አሲዱና ባይካርቦኔቱ ተገናኝተው ተጨማሪ ጋዝ ይፈጥራሉ። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ለአምቦ የሚሆን ሽሮፕ ለብቻው ሲቀመስ ኮምጣጣነቱ ጠንከር ማለት አለበት። ውሃው ከፊሉን ይበላዋልና። ለ1 ሊትር የእንጆሪ ሽሮፕ እኔ የሁለት ወይም የሦስት ሎሚ ጭማቂ እጨምራለሁ። ያለዚያ መጠጡ ጣፋጭ ብቻ ሆኖ ትንሽ የጨው ጣዕም ይከተለዋል። ሁለተኛ፣ ሎሚውን አስቀድመሽ ሽሮፑ ውስጥ ጨምሪው እንጂ በመጨረሻ ብርጭቆው ላይ አትጭመቂ። ከላይ ሲጨመቅ ጋዙ ተነሥቶ ይገነፍላል።

ከእንግዶችሽ መካከል ደም ግፊት ያለበትና ጨው ቀንስ የተባለ ሰው ካለ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የሶዲየም መጠን ይይ። ለእሱ ሽሮፑን በተራ ቀዝቃዛ ውሃ ብትበጠብጪለት ምንም አይጎድልበትም።

ቀጥሎ ቅዝቃዜ። በእኔ ልምድ ጥሩ መጠጥና መጥፎ መጠጥ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ለመቀዝቀዝ የደረሰ ውሃ፣ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ማለቴ ነው፣ 20 ዲግሪ ላይ ካለ ውሃ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ጋዝ መያዝ ይችላል። ከሱቅ መደርደሪያ ላይ አንስተሽ ወዲያው የከፈትሽው አምቦ ቡሽ ብሎ ብዙ ጋዝ ይለቃል። አዲስ አበባ ያለን ሰዎች ደግሞ የበለጠ መጠንቀቅ አለብን። ከተማው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ የተከፈተ ጠርሙስ ጋዙን ቶሎ ይለቃል። ስለዚህ አምቦውን ከማታ ጀምሮ ፍሪጅ ውስጥ አስገቢው። ሽሮፑም ይቀዝቅዝ። ብርጭቆዎቹንም ቢሆን ትንሽ ቀደም ብለሽ ብታቀዘቅዣቸው ጥሩ ነው። በረዶ ከተጠቀምሽ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ አድርጊው። በረዶው ላይ ያለው ሻካራ ነገር ጋዙን ይቀሰቅሰዋል፤ ሲታጠብ ይለሰልሳል።

አቀራረቡ ላይ ደግሞ ጆግ ውስጥ አስቀድሞ መቀላቀል የለም። ልጆቹ ሲሰበሰቡ ሽሮፑን ለብቻ፣ አምቦውን ሳትከፍቺ ለብቻ አምጪ። ብርጭቆው ውስጥ መጀመሪያ ሽሮፕ፣ ለልጆች ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ብርጭቆውን ዘንበል አድርገሽ በጎኑ በኩል ወደ 180 ሚሊ ሊትር አምቦ ቀስ ብለሽ አፍስሺ። ረጅም ማንኪያ አስገብተሽ ከሥር ወደ ላይ አንዴ አንሺው። በቃ። እንደ ሻይ ካማሰልሽው ጋዙን አንቺው ራስሽ ታባርሪዋለሽ። ናና ወይም በሶብላ ካለሽ ቅጠሉን በመዳፍሽ መታ አድርገሽ ከላይ ጣል አድርጊበት።

ስኳሩ በዛ የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው ሽሮፕ ስኳር አለው። ግን ኮላ በመሳሰሉት ለስላሳዎች 300 ሚሊ ሊትሩ ብቻ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ይይዛል፤ እሱን መቀነስ አትችዪም። እዚህ ግን መጠኑ በእጅሽ ነው። ሁለቱን ማንኪያ አንድ ተኩል ብታደርጊው ልጆቹ አያውቁብሽም።

ወደ ቤኪንግ ሶዳው ልመለስ። አልመክርሽም። ሶዳና ሎሚ ሲገናኙ ጋዝ ይፈጠራል፣ ልክ ነው። ነገር ግን ክፍት ዕቃ ውስጥ ስለሆነ አብዛኛው ወዲያው ወደ አየር ይሄዳል። ብርጭቆው ውስጥ የሚቀረው ሶዲየም ያለበት፣ ጨው ጨው የሚል ውሃ ነው። ቤኪንግ ፓውደር ደግሞ ስታርች ስላለበት ጭራሽ ያደፈርሰዋል።

እርሾውስ? ይሄኛው ትክክለኛ መንገድ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ለልደቱ ግን አይሆንም። ምክንያቱን እነግርሻለሁ። እናቶቻችን ብርዝ ሲበጠብጡ ትንሽ ከቆየ መፍላት ይጀምራል። ማሩ ውስጥ ያለውን ስኳር እርሾ ይበላውና ጋዝና አልኮል ይወጣል። በፍራፍሬም ያው ነው። ጋዙን ስትፈልጊ አልኮሉም አብሮ ይመጣል። ቶሎ ከጠጣሽው ጥቂት ነው፣ በቆየ ቁጥር ግን ይጨምራል። ስለዚህ ለልጆች፣ ለነፍሰ ጡር፣ በሃይማኖቱ አልኮል ለማይነካ እንግዳ አይቀርብም።

ለራስሽ መሞከር ከፈለግሽ በዝንጅብል ጀምሪ። ፈልቶ የቀዘቀዘ ግማሽ ሊትር ውሃ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ከነልጣጩ የተከተፈ ዝንጅብል፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር። አፉን በጨርቅ ሸፍነሽ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጪው። በየቀኑ አንድ አንድ ማንኪያ ዝንጅብልና ስኳር ጨምሪበት፣ አማስዪው። በሳምንት ጊዜ ውስጥ አረፋ ማውጣት ይጀምራል። ድሬዳዋ ያላችሁ ቀድማችሁ ታዩታላችሁ፤ አዲስ አበባ በክረምት ይዘገያል። ሻጋታ ካየሽ ሙሉውን ድፊው፣ ከላይ ብቻ ገፍፎ መጠቀም የለም። ለ1 ሊትር የተጣራና በውሃ የቀጠነ ጭማቂ ከዚህ ሩብ ኩባያ አጥልለሽ ትጨምሪያለሽ።

ከዚህ በኋላ ያለው ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው። በ1 ሊትር መጠጥ ውስጥ 4 ግራም ስኳር ሲብላላ ወደ 1 ሊትር የሚጠጋ ጋዝ ይሰጣል። የለስላሳ ያህል እንዲሆን ከ12 እስከ 16 ግራም ይበቃል፤ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ጭማቂው ውስጥ ያለው ስኳር ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል። 100 ግራም ስኳር ተዘግቶ እስከ መጨረሻው ቢብላላ ወደ 25 ሊትር ጋዝ ነው። ያንን የሚችል ጠርሙስ ቤትሽ የለም። መስታወት ከሆነ ይፈነዳል፣ ሰው ይጎዳል። ስለዚህ የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ብቻ ተጠቀሚ። ከላይ አራት ጣት ያህል ክፍት ተዪለት። ጠዋት ማታ በአውራ ጣትሽ ጫን እያደረግሽ ፈትሺው። አልጫን ብሎ ሲጠነክር ወዲያው ፍሪጅ ውስጥ ይግባ፣ በጥቂት ቀን ውስጥም ይጠጣ። ፍሪጅ ያቀዘቅዘዋል እንጂ መብላላቱን ጨርሶ አያቆመውም።

አሜሪካና አረብ አገር ያላችሁ እህቶች ደግሞ የጋዝ መሙያ ማሽን እንዳላችሁ ከአስተያየቶቹ አይቻለሁ። ማሽኑ ውስጥ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ብቻ አስገቡ። ጁስ ከገባበት ይገነፍላል፣ አፉንም ይደፍነዋል። ሽሮፑ የሚጨመረው በኋላ ብርጭቆ ላይ ነው። የእናንተ ውሃ የአምቦን ያህል ማዕድን ስለሌለው ሎሚውን በግማሽ ቀንሱት።

ለልደቱ ልሥራልሽ ያልኩት ሒሳብ ይሄ ነው። ሃያ አምስት ልጅ ቢመጣና ሁለት ሁለት ብርጭቆ ቢጠጣ ሃምሳ ብርጭቆ ነው። 2 ኪሎ እንጆሪና 1 ኪሎ ስኳር ወደ 1 ሊትር ተኩል ሽሮፕ ያወጣልሻል፣ እሱ ይበቃል። አምቦው ወደ 9 ሊትር ነው፤ ለሚደፋው ትንሽ ጨምሪበት። ልደቱ ቅዳሜ ከሆነ ሐሙስ ማታ እንጆሪውን በስኳር አሳድሪ። ዓርብ ጠዋት አጥልለሽ ሎሚውን ጨምሪ፣ ከአምቦው ጋር ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ዓርብ ማታ አንድ ብርጭቆ ሠርተሽ ቅመሺ። ኮምጣጣነቱን ወይም ስኳሩን ለማስተካከል ጊዜ ይኖርሻል። ማጥለያው ላይ የቀረውን እንጆሪ እንዳትጥዪው፤ በትንሽ እሳት ላይ አብስዪውና ለኬኩ መሐል መቀቢያ ይሆንሻል።