ኦፕንሲቪን ከዚግ ማገናኘት፦ ሊንከሩ ግማሹን ተቀብሎ ግማሹን ለምን ይመልሳል?

አንድ አንባቢ በኡቡንቱ ላይ፣ ከካሜራ ፍሬም እየተቀበለ እንቅስቃሴ የሚለይ ፕሮግራም ዚግ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ መጻፍ ጀምሯል። መጀመሪያ ኦፕንሲቪ የተባለውን የምስል ማቀነባበሪያ ላይብረሪ ሄደር ፋይል (የፈንክሽኖቹን መግለጫ የያዘውን) ቀጥታ ወደ ዚግ ለማስገባት ሞከረ፤ የስህተት ዶፍ ወረደበት። ከዚያ አነስተኛ የሲ ፕላስ ፕላስ ፋይል ጽፎ በዚሁ በዚግ ኮምፓይለር አብሮ ገነባው። አሁን የተገነቡ ፋይሎችን በስማቸው የሚያገናኘው ሊንከር፣ ምስል ከፋይል የሚያነበውን ኢምሪድ የተባለ ፈንክሽን «ሲምቦሉ (ሊንከሩ የሚፈልገው ስም) አልተገኘም» እያለ ይመልሰዋል፤ ቀለም የሚቀይረው ፈንክሽን ግን ያልፋል። «ላይብረሪው አንድ ነው፤ እንዴት ግማሹ ተገኝቶ ግማሹ ይጠፋል?» ሲል ጠይቋል።

የመጀመሪያው ችግር ቀላል ነው። ዚግ በቀጥታ የሚግባባው ከሲ ጋር ብቻ ነው። ኦፕንሲቪ ደግሞ በ2009 ከወጣው 2.0 ጀምሮ ዋና በሩ ሲ ፕላስ ፕላስ ሆኗል። የድሮው የሲ በር አብዛኛው በ2018 በወጣው 4.0 ላይ ተነስቷል፤ ስለዚህ የዱሮ የሲ ምሳሌዎችን እያሳደድክ ጊዜህን አታቃጥል። በመሃል የራስህን ፋይል ማስገባትህ ትክክል ነው።

ሁለተኛው ላይ ግን እንቆይ። የስህተቱን መልእክት እንደገና አንብበው። ስታንዳርድ ስትሪንግ (የሲ ፕላስ ፕላስ የጽሑፍ ዓይነት) የሚለው ስም ውስጥ ሁለት አንደርስኮርና የ1 ቁጥር ታያለህ። ይህ የሊብሲ ፕላስ ፕላስ ምልክት ነው፤ ዚግ ይዞት የሚመጣው የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪ እሱ ነው። በኡቡንቱ መጫኛ በአፕት የጫንከው ኦፕንሲቪ ግን የተገነባው በጂሲሲ ኮምፓይለር፣ ከጂኤንዩ የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪ ጋር ነው። በሲ ፕላስ ፕላስ የፈንክሽን ሲምቦል የሚቀበላቸውን ዓይነቶች ስም ጭምር ይይዛል። ኢምሪድ የፋይሉን ስም በስትሪንግ ይቀበላል፤ የሁለቱ ላይብረሪዎች ስትሪንግ ስለሚለያይ ሊንከሩ ቢፈልግ ቢፈልግ አያገኘውም። ቀለም ቀያሪው የሚቀበለው የኦፕንሲቪን የራሱን ዓይነቶችና ኢንቲጀር ነው። ስሙ አይለወጥም፤ ሰተት ብሎ ያልፋል።

እኔን የሚያሳስበኝ እምቢ ያለው ሳይሆን ያለፈው ነው። ነገ ኮንቱር (የቅርጾችን ጠርዝ) ለማውጣት የነጥቦች ቬክተር (ዝርዝር) ስታቀብል፣ ኦፕንሲቪ ቬክተሩን በራሱ ዓይነት ጀርባ ደብቆ ይወስደዋል። ሊንከሩ ምንም አይልም። ቬክተሩን የፈጠረው አንዱ ላይብረሪ፣ የሚያነበውና የሚያሳድገው ሌላው ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር ዛሬ ሠርቶ ነገ ያለ ምክንያት ክራሽ ሊያደርግ ይችላል።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። የመሃሉን ፋይል በዚግ አትገንባው። የጂሲሲ የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር በሆነው በጂ ፕላስ ፕላስ ገንባውና ለብቻው ሼርድ ላይብረሪ አድርገው። በሄደሩ ላይ ኢንቲጀር፣ ደብል፣ የካራክተር ፖይንተርና ውስጡ የማይታይ ፖይንተር ብቻ ይኑር፤ ሁሉም ፈንክሽን ኤክስተርን ሲ ይባል፤ ይህ ስሙ እንደ ሲ ሳይለወጥ እንዲቀር የሚያደርግ ምልክት ነው። ዚግ የሚያየው ይህን ሄደር ብቻ ነው። ከቢልድ ፋይልህ ሊብሲ ፕላስ ፕላስን አውጣው፤ ተራው የሲ ላይብረሪ ሊብሲ ይበቃል። ገንብተህ ስትጨርስ ኤንኤም በሚባለው ትእዛዝ የላይብረሪውን ሲምቦሎች አሳይ። የሰጠሃቸው ስሞች እንዳሉ ንጹሕ ሆነው ከታዩ ደህና ነው። ከፊታቸው አንደርስኮርና ትልቁ ዜድ፣ ከዚያም ቁጥር ከተለጠፈ ኤክስተርን ሲን ረስተሃል።

የዚህ ፋይል ዋና ሥራ ስም ማስተካከል ብቻ እንዳይመስልህ። ኦፕንሲቪ ሲከፋው ኤክሴፕሽን (የሲ ፕላስ ፕላስ የስህተት ማሳወቂያ) ይወረውራል፤ ዚግ ደግሞ የሲ ፕላስ ፕላስ ኤክሴፕሽን መያዝ አይችልም፣ ፕሮግራሙ ወዲያው ይሞታል። ኢምሪድ ፋይሉን ሲያጣ ዝም ብሎ ባዶ ማት (የኦፕንሲቪ የምስል መያዣ) ይመልስልሃል። ባዶውን ለቀለም ቀያሪው ስትሰጠው ነው ነገሩ የሚፈነዳው። እያንዳንዱ ፈንክሽንህ ሁሉን ኤክሴፕሽን እዚያው ይዞ የስህተት ኮድ ይመልስ። ዚግ ላይ ኮዱን ወደ ራሱ የስህተት ዓይነት ትቀይረዋለህ።

ሜሞሪም እንዲሁ። ማቱን የመሃሉ ፋይል ይፍጠረው፣ እሱው ያጥፋው፤ ዚግ የማጥፊያውን ፈንክሽን በዲፈር (ከብሎኩ ሲወጣ በሚሠራው ትእዛዝ) ይጥራው። በ1920 በ1080 ባለ ቀለም ፍሬም 6,220,800 ባይት ነው። በሰከንድ 30 ፍሬም ሳትለቅ ብትቀር በየሰከንዱ 187 ሜጋባይት ገደማ ይፈስሳል። ከሉፑ ውጭ አንድ ማት ፈጥረህ ፍሬሙን ሁሌ እዚያው ላይ ማንበብ ይሻላል።

ፒክስሎቹን ከዚግ በቀጥታ የምታነብ ከሆነ ስቴፕ የሚባለውንም፣ ከአንዱ ረድፍ መጀመሪያ እስከ ቀጣዩ ያለውን የባይት ቁጥር አስተላልፍ። ከ640 ፒክስል ስፋት ምስል ላይ 100 ፒክስል ስፋት ብትቆርጥ፣ የአንዱ ረድፍ ዳታ 300 ባይት ነው፤ ቀጣዩ ረድፍ የሚጀምረው ግን ከ1920 ባይት በኋላ ነው። በ300 እየዘለልክ ካነበብክ ምስሉ ተቆራርጦ ይወጣል። የቀለሙ ቅደም ተከተልም ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ መሆኑን ልብ በል።

ለአንተ ሥራ አሥር ያህል ፈንክሽን ይበቃል፤ ራስህ ብትጽፋቸው እመርጣለሁ። ብዙ ካስፈለገህ ግን ለጎ ቋንቋ የተሠራው ጎሲቪ ውስጡ ሰፊ የሲ ሽፋን አለው። ፈቃዱ አፓቺ 2.0 ስለሆነ ወስደህ መጠቀም ትችላለህ። እሱንም ቢሆን በጂ ፕላስ ፕላስ ገንባው።