ስለ ሽንት ፊኛ ምርመራ የጠየቃችሁኝ

የአልትራሳውንድ ባለሙያ ነኝ። ስለ ሽንት ፊኛ ምርመራ የሚያሳስባችሁን ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት የመጡትን እነሆ።

ጥያቄ፦ አልትራሳውንድ ልነሳ ሄጄ "ውሃ ጠጥተሽ ተመለሽ" ተባልኩ። ለምን?

መልስ፦ እህቴ፣ ባዶ ፊኛ ይጨማደዳል። ያኔ ጤነኛው ግድግዳ ራሱ ወፍራም መስሎ ይታያል፤ እስከ 5 ሚሊሜትር ይደርሳል። ሲሞላ ግን ይሳሳል፤ የጤነኛ ሰው ከ3 ሚሊሜትር አይበልጥም። ከአንድ ሰዓት በፊት አንድ ሊትር ያህል ውሃ ጠጪና ሽንትሽን ይዘሽ ሂጂ።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ። ይጎዳኛል?

መልስ፦ አይጎዳሽም። በድምፅ ሞገድ ነው የሚሠራው፤ ጨረር የለውም።

ጥያቄ፦ 65 ዓመቴ ነው። ውጤቴ ላይ "የፊኛው ግድግዳ ወፍሯል" ይላል። ካንሰር ነው?

መልስ፦ አባቴ፣ ወፈረ ማለት ካንሰር ማለት አይደለም። በእርስዎ ዕድሜ ፕሮስቴት አብጦ የሽንቱን መውጫ ማጥበቡ የተለመደ ነው። ፊኛው ሽንቱን ለማስወጣት ሲታገል ጡንቻው ይፈረጥማል። ኢንፌክሽንም ያወፍረዋል። እኔን የሚያስደነግጠኝ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ያበጠ ነገር ሳይ ነው። ያኔ "እስኪ በጎንዎ ይተኙልኝ" እላለሁ። የረጋ ደም ከሆነ ብዙ ጊዜ ይንከባለላል፤ ዕጢ ከሆነ ካለበት ንቅንቅ አይልም። የደም ዝውውር የሚያሳየውን የአልትራሳውንድ ክፍል፣ ዶፕለሩን፣ አብርቼ ውስጡ ደም ሲዘዋወር ካየሁ ደግሞ ቶሎ ወደ ዩሮሎጂስት፣ ማለትም ወደ ሽንት አካላት ሐኪም ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ቀን ሽንቴ ላይ ደም አየሁ። አላመመኝም፣ አልተመለሰም። አልትራሳውንዱም ምንም አላሳየም። ልተወው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በፍጹም እንዳትተወው! ሕመም የሌለው ደም ነው ይበልጥ የሚያሳስበኝ። የፊኛ ካንሰር አንዴ አድምቶ ለወራት ዝም ሊል ይችላል። አልትራሳውንድ ደግሞ ትንንሽና ጠፍጣፋ ዕጢ ያመልጠዋል። በተለይ የምታጨስ ከሆነ ስለ ሲስቶስኮፒ ሐኪምህን ጠይቅ። ቀጭን ካሜራ በሽንት ቧንቧ ገብቶ ግድግዳው በዓይን ይታያል፤ አጠራጣሪ ነገር ካለም ናሙና ይወሰዳል። ሲቲ ስካን ከታዘዘልህ ከኩላሊት እስከ ፊኛ ያለውን ያሳያል። ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት በደም ሥር ስለሚሰጥ ግን አስቀድሞ የኩላሊት ምርመራ ይደረግልህ። ኤምአርአይ የሚጠቅመው ዕጢው ከተገኘ በኋላ ጡንቻው ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ለመለየት ነው።

ጥያቄ፦ ያደግኩት ታችኛው አዋሽ ነው፤ ልጅ ሆነን ወንዝ ውስጥ ነበር የምንውለው። ራጅ ላይ ፊኛዬ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ታየ።

መልስ፦ ያደግክበትን ቦታ ለሐኪምህ ንገረው። እዚያ አካባቢ የሽንት ቢልሃርዚያ አለ። የትሉ እንቁላል ግድግዳው ውስጥ ይቀርና ከዓመታት በኋላ ካልሲየም ይጋገርበታል፤ ነጩ ቀለበት እሱ ሊሆን ይችላል። ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ትሉን ይገድላል። የቆየ ጠባሳ ግን ለፊኛ ካንሰር ስለሚያጋልጥ ክትትሉን አታቋርጥ።