መርከቡን ደለል ላይ ያሳረፈው መኮንን እንዴት አድሚራል ሆነ?

ጥያቄ፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካን የፓስፊክ ባሕር ኃይል የመራው አድሚራል ቼስተር ኒሚትዝ በወጣትነቱ መርከብ መሬት አስነክቶ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀርቦ እንደነበር አንድ ጡረታ የወጡ የባሕር ኃይል ባልደረባ አጫወቱኝ። እኔ እስከማውቀው ግን መርከብ መሬት ያስነካ አዛዥ ዕድገቱ እዚያው ያከትማል። ነገሩ እውነት ነው? ከሆነስ እስከ ባለ አምስት ኮከብ አድሚራልነት እንዴት ሊደርስ ቻለ? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ያጫወቱዎት ሰው አልተሳሳቱም። ጁላይ 7 ቀን 1908 (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዴኬተር የተባለችው ዲስትሮየር (ትንሽና ፈጣን የጦር መርከብ) ፊሊፒንስ ውስጥ ወደ ባታንጋስ ወደብ ስትገባ ደለል ላይ ወጥታ ቆመች። አዛዧ ኒሚትዝ የ23 ዓመት ወጣት ሲሆን፣ ማዕረጉም ኤንሳይን፣ ማለትም የባሕር ኃይል መኮንኖች የመጀመሪያው እርከን ነበር። መርከቧ ያለችበትን ቦታ በመሣሪያ ለክቶ ማረጋገጥ ሲገባው በግምት ተማምኗል። ሞተሩን ወደ ኋላ ቢያስነዳም አልተላቀቀችም፤ ስለዚህ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ካለቀ በኋላ አልጋውን ከላይኛው ወለል ላይ አዘርግቶ ተኛ። በማግስቱ አንዲት ትንሽ የእንፋሎት መርከብ ጎትታ አወጣቻት፤ እሱም የሆነውን ሳይደብቅ ለበላዮቹ አስታወቀ።

ወታደራዊው ፍርድ ቤት ሥራውን በቸልተኝነት በማከናወን ጥፋተኛ ቢለውም፣ ያለፈው አገልግሎቱ መልካም መሆኑና የወደቡ ካርታ ጉድለት እንደነበረበት ከግምት ገብቶ ቅጣቱ በተግሣጽ ብቻ ታለፈ። እርስዎ እንደሚሉት፣ ይህ በሌላ ዘመን ቢሆን የብዙዎችን መንገድ የሚዘጋ ጥፋት ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ወቅት የአሜሪካ ባሕር ኃይል በፍጥነት እየሰፋ ስለነበር ጎበዝ መኮንን ያስፈልገው ነበር፤ ኒሚትዝም በ1905 ከአናፖሊስ የባሕር ኃይል አካዳሚ ሲመረቅ ከ114 ተመራቂዎች መካከል ሰባተኛ የወጣ ሰው ነው። በ1910 መጀመሪያ ላይ አንድ እርከን ዘልሎ ወደ ሌተናንትነት አደገ።

የኋላ ዕድገቱን የወሰነው ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ከችሎቱ በኋላ የተመደበበት ቦታ ነው። የላኩት ወደ ሰርጓጅ መርከቦች ክፍል ነበር። በዚያን ጊዜ ሰርጓጅ መርከብ ጠባብና አደገኛ ነበር፣ በቤንዚን ጭስም ይታፈን ነበር፤ ትልቅ ደረጃ ለመድረስ የሚያስብ መኮንንም የሚመኘው ግዙፎቹን የጦር መርከቦች እንጂ ይህን አልነበረም። ኒሚትዝ ግን የቤንዚኑ ጣጣ ስለ ናፍጣ ሞተር እንዲያጠና ገፋፋውና በ1913 ወደ ጀርመንና ቤልጂየም ተልኮ የፋብሪካዎቹን አሠራር ተመለከተ። ሲመለስም ሞሚ ለተባለችው የነዳጅ ጫኝ መርከብ የናፍጣ ሞተሮች ግንባታ ኃላፊ ሆነ። አንድ ቀን ሞተሩ እየሠራ ለጎብኚዎች በጣቱ እያመለከተ ሲያስረዳ ጓንቱን ጥርሳም ማርሾቹ ያዙት፤ የግራ እጁ የቀለበት ጣት ተቆረጠ። ጥርሶቹ የአካዳሚ ቀለበቱ ጋ ሲደርሱ ባይገቱ ኖሮ ከዚያም በላይ ባጣ ነበር።

ይቺው ሞሚ በ1917 በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ወደ አውሮፓ ለሚሻገሩ ዲስትሮየሮች እየተጓዘች በቱቦ ነዳጅ አቀበለች። ኒሚትዝ የመርከቧ ምክትል አዛዥና ዋና መሐንዲስ ስለነበር ዘዴውን ከቀየሱት አንዱ ነው። ሩብ ምዕተ ዓመት ቆይቶ፣ ወደብ በሌለበት ሰፊ ውቅያኖስ ላይ ያን ሁሉ መርከብ ለማዋጋት የሚያስፈልገው እውቀት ይኸው ነበር።

የመካከለኛውን ዘመን በአጭሩ ልለፈው። በ1920 ሃዋይ ውስጥ በፐርል ሐርበር የሰርጓጅ መርከቦች ጣቢያ እንዲያቋቁም ተላከ፤ ቀጥሎም በባሕር ኃይል ጦር ኮሌጅ ተማረ፤ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዕጩ መኮንኖችን አሠለጠነ፤ ኦገስታ የተባለችውን ክሩዘር (ከዲስትሮየር የሚበልጥ የጦር መርከብ) አዘዘ፤ በ1938 ሪር አድሚራል ሆነ። በዲሴምበር 1941 ጃፓን ፐርል ሐርበርን ባጠቃች ጊዜ ዋሽንግተን ውስጥ የመኮንኖችን ምደባ የሚመራ የቢሮ ሰው ነበር። ከዚያ በቀጥታ ወደ ባለ አራት ኮከብ አድሚራልነት ከፍ ብሎ ዲሴምበር 31 ቀን 1941 ግሬይሊንግ በተባለች ሰርጓጅ መርከብ ወለል ላይ የፓስፊክን ባሕር ኃይል ተረከበ።

ሲረከብ ከጥቃቱ በኋላ የተሻረውን የቀድሞውን የፓስፊክ አዛዥ የአድሚራል ኪመልን ረዳቶች ጠራርጎ ያባርራል ተብሎ ቢጠበቅም፣ የስለላ መኮንኑን ሌይተንን ጨምሮ አብዛኞቹን አስቀራቸው። ይህን ከ1908ቱ ተግሣጽ ጋር ማያያዝ ያጓጓል፤ የሚያረጋግጥ ማስረጃ ግን የለኝምና አልደፍርም። ውሳኔው ያስገኘው ውጤት ግን የታወቀ ነው፤ በጁን 1942 የጃፓን ባሕር ኃይል በፓስፊክ ውቅያኖስ ወደምትገኘው ሚድዌይ ደሴት እንደሚመጣ አስቀድመው የደረሱበት እነዚሁ የስለላና የምስጢር ፊደል ፈቺ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ ጃፓን በዚያ ውጊያ አራት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ስታጣ አሜሪካ ያጣችው አንድ ነው።

ባለ አምስት ኮከቡ ማዕረግ፣ ፍሊት አድሚራል የሚባለው፣ በዲሴምበር 1944 በወጣ ሕግ የተፈጠረ ነው። ያገኙት ሊሂ፣ ኪንግ፣ ኒሚትዝና ሆልሲ ብቻ ናቸው። ኒሚትዝ በ1945 ሚዙሪ በተባለችው የጦር መርከብ ላይ የጃፓንን እጅ መስጫ ሰነድ በአሜሪካ ስም ፈርሟል፤ ከዚያም እስከ 1947 መጨረሻ የባሕር ኃይል ኦፕሬሽን አዛዥ፣ ማለትም የባሕር ኃይሉ የበላይ መኮንን ሆኖ ሠርቷል። የማዕረጉ ባለቤቶች እስከ ዕለተ ሞታቸው በጡረታ ስለማይሰናበቱ፣ በ1966 ሲሞት በሕግ አሁንም በሥራ ላይ ያለ መኮንን ነበር። ከአራቱ በሕይወት የቀረው የመጨረሻው እሱ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ማዕረጉ ለማንም አልተሰጠም።